ጥላ፣ ጣሪያና ሲሚንቶ፦ «አረንጓዴ ሕንፃ የባለጸጋ አገር ቅንጦት ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

«አረንጓዴ ሕንፃ የባለጸጋ አገር ቅንጦት ነው» የሚል ርእስ የያዘ ጽሑፍ ሰሞኑን በሕንፃ ሙያ ላይ ባለን ሰዎች መካከል በሰፊው ሲዘዋወር ሰንብቷል። እዚህ አዳማ ውስጥ ፕላን ለማሠራት የሚመጡ ባለቤቶች ሳይቀሩ እየጠቀሱት፣ ስለ መስኮት አቅጣጫና ስለ ጣሪያ ማናፈሻ መነጋገር ገና ሳንጀምር «እሱ ለእኛ አገር አይሆንም ተብሏል» ማለት ይዘዋል። ጸሐፊው ሙያውን የሚያውቁ፣ ሐሳባቸውንም በጨዋ አንደበት የገለጹ ሰው ናቸው፤ ካነሧቸው ነጥቦች አንዳንዶቹም እውነትነት አላቸው። መደምደሚያቸው ግን ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ስሕተቱም ሃምሳ ዓመት በሚቆም ግንብ ላይ የሚያርፍ ስለሆነ ዝም ብሎ ማለፉ ተገቢ መስሎ አልታየኝም።

የጽሑፉን ክርክር ሳላጣምም ባጭሩ ላስቀምጠው። አረንጓዴ ሕንፃ፣ ማለትም ኃይል፣ ውኃና ቁሳቁስ እንዲቆጥብ ተደርጎ የሚሠራ ሕንፃ፣ ከተለመደው ሕንፃ በሩብ ያህል ስለሚወደድ መጠለያ ለቸገረው ሕዝብ አይሆንም። የአገራችን አየር ጠባይ ምቹ በመሆኑ ቤት ማሞቅም ሆነ ማቀዝቀዝ አያስፈልገንም፤ ስለዚህ ስለ ሕንፃ ኃይል ቁጠባ ማውራት የአውሮፓን ችግር መዋስ ነው። ኤሌክትሪካችን ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ ብንቆጥበውም ለከባቢ አየር የምናተርፈው የለም። «የአካባቢ ቁሳቁስ» የሚባለው ነገር ሕዝቡን ወደ ጭቃ ቤት መመለስ ነው። ለአረንጓዴ ሕንፃ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት የውጭ ድርጅቶች ንግድ ነው። በመጨረሻም ሕንፃውን የሚያሠራው አንድ ሰው፣ የመብራት ሂሳቡን የሚከፍለው ሌላ ሰው በመሆኑ ባለሀብቱ ለቁጠባ የሚያወጣው ብር አይመለስለትም። ክርክሩ በእነዚህ ነጥቦች ላይ የቆመ ነው።

ከአየር ጠባዩ እጀምራለሁ፤ የሌሎቹ ነጥቦች መሠረት እሱ ነውና። ጸሐፊው «አገራችን» ሲሉ የሚገልጹት በእርግጥ አዲስ አበባን ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ ከእሷ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኘው አዳማ ወደ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ሲደርስና ሲያልፍ ማየትም እዚህ እንግዳ ነገር አይደለም። ድሬዳዋን፣ ሰመራንና ጋምቤላን ስንጨምር ደግሞ «አገራችን ቀዝቃዛና ምቹ ናት» የሚለው አነጋገር በየዓመቱ በፍጥነት እየሰፉ ያሉትን ቆላማ ከተሞቻችንን ከነጭራሹ የረሳ ሆኖ ይገኛል።

ይሁንና እዚሁ ላይ አንድ ነገር አምናለሁ። በአዳማ ቤት ማሞቅ አያስፈልግም፤ በአግባቡ የተሠራ ቤትም ያለ ኤሲ ይኖርበታል። በበጋ በቀኑና በሌሊቱ ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ዲግሪ ስለሚበልጥ፣ ግድግዳውና የአርማታው ወለል ሌሊት ነፋስ አግኝተው ከቀዘቀዙ በማግስቱ ብዙ ሰዓት ቅዝቃዜያቸውን ይዘው ይቆያሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው መስኮት ፊት ለፊት በተያዩ ሁለት ግድግዳዎች ላይ መኖሩና ሌሊት ተከፍቶ ማደር መቻሉ፣ ማለትም ለሌባ የማያጋልጥ የብረት ፍርግርግና ለወባ ትንኝ ወንፊት ያለው መሆኑ ነው። ነፋስ አዳማ አላጣችም፤ በከተማዋ ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ላይ በሁለት ዙር የተተከሉትና በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ተርባይኖች ለዚህ ምስክር ናቸው። እንግዲህ ጸሐፊው የሚያወድሱት ምቾት በእርግጥ አለ፤ የሚገኘው ግን ሕንፃው ሲፈቅድለት ነው። የኃይል ቁጠባ ንድፍ የምንለው ሥራም ዋናው ክፍሉ ይህንን ፈቃድ በወረቀት ላይ አስቀድሞ መስጠት ነው።

አሁን በዋና ዋና መንገዶቻችን ግራና ቀኝ እየተሠራ ያለው ከዚህ ተቃራኒው ነው። ከላይ እስከ ታች በአሉሚኒየም ፍሬምና በመስታወት የተሸፈነ፣ ከአምስት መስታወት አንዱ ብቻ በጠባቡ የሚከፈት ፊት ይሠራል፤ መንገዱ በምዕራብ በኩል ከሆነም ያ ፊት ወደ ምዕራብ ይዞራል። ጉዳቱ በቀላል ሂሳብ ሊታይ ይችላል። ጥርት ባለ ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወደ ምዕራብ የዞረ ቀጥ ያለ ግድግዳ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 600 ዋት ያህል የፀሐይ ጉልበት ይቀበላል፤ ተራ ነጠላ መስታወት ደግሞ ከዚህ ውስጥ አራት አምስተኛውን ያህል ወደ ውስጥ ያሳልፋል። አንድ ቢሮ 4 ካሬ ሜትር እንዲህ ያለ መስታወት ካለው ወደ 2 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይገባበታል ማለት ነው፤ ይህም ከሰዓት በኋላ ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኩሶ በሠራተኞች መካከል እንደ ማስቀመጥ ይቆጠራል። ከዚያ መጋረጃ ይጋረዳል፤ ክፍሉ ስለሚጨልም በጠራራ ፀሐይ መብራት ይበራል፤ ሙቀቱ ስላልወጣ ኤሲ ይገዛል፤ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ይነሣል። «ማቀዝቀዝ አያስፈልገንም» በተባለባት ከተማ የማቀዝቀዣ ፍላጎት የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው። ፈጣሪው አየሩ ሳይሆን ንድፉ ነው።

መፍትሔው ከፀሐይ መንገድ ይነሣል። አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ በእኩለ ቀን ልክ ከአናታችን በላይ ትሆናለች። በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ስታዘነብል የእኩለ ቀን ከፍታዋ 58 ዲግሪ ያህል፣ በሰኔ ወደ ሰሜን ስትሻገር ደግሞ 75 ዲግሪ ያህል ነው። ከዚህ ተነሥቶ ማንም ባለሙያ ሊያሰላው እንደሚችል፣ 1 ሜትር ተኩል ቁመት ላለው የደቡብ መስኮት ከበላዩ የሚወጣ 95 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ የእኩለ ቀኑን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ይከለክላል፤ ለሰሜኑ መስኮት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃዋል። ጠዋትና ማታ ዝቅ ብላ ለምትመጣው ፀሐይ ግን ከላይ የሚወጣ ጥላ አይመልስም፤ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል የሚሻለው መስኮት ማሳነስ፣ የቆመ ከለላ ማድረግ፣ በረንዳ ማውጣት ወይም ዛፍ መትከል ነው። «ቦታው መንገድ ተከትሎ ስለሚሰጥ ባለቤቱ አቅጣጫ አይመርጥም» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፤ ልክ ነው፣ አይመርጥም። ደረጃውን፣ መጸዳጃ ቤቱንና ዕቃ ማስቀመጫውን በምዕራብ በኩል አድርጎ ሰው የሚውልባቸውን ክፍሎች ከዚያ ማራቅ ግን ይችላል፤ ለዚህም አንድ ተጨማሪ ብሎኬት አይገዛም።

በመኖሪያ ቤቶች ላይ ደግሞ ትልቁ የሙቀት በር ጣሪያው ነው። ፀሐይ ከአናት በላይ በምትውልበት ከተማ አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ በእኩለ ቀን ወደ 1,000 ዋት የሚጠጋ ጉልበት ይቀበላል። ቆርቆሮ ያንን ይዞ ይግላል፤ ከሥሩ ያለው ኮርኒስ በአራቱም ማዕዘን ከታሸገ በመካከሉ የተያዘው አየር እንደ ጋለ ይቀመጣል። በክፈፉ ሥር በሁለት ወገን ወንፊት ያለው ቀዳዳ መተው፣ ከጥቁርና ከጥቁር ሰማያዊ ይልቅ ነጣ ያለ ቀለም ያለው ቆርቆሮ መምረጥና ኮርኒሱን ጥቂት ከፍ ማድረግ ቤቱን ይለውጡታል። ነጭ ጣሪያ ከሚያርፍበት ፀሐይ አብዛኛውን መልሶ ይልካል፤ ጥቁር ጣሪያ አብዛኛውን ይውጣል። የቀለሙ ምርጫ በአብዛኛው በዋጋ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለውም።

ይህንን ካየን የወጪው ክርክር ቀላል ይሆናል። ጸሐፊው «ሩብ ያህል ይወደዳል» ያሉት ድርብ መስታወት፣ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ፓነል፣ የውኃ ማሞቂያና በኮምፒውተር የሚመራ መብራት ደምረው ነው። እነዚህ በእርግጥ ውድ ናቸው፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ይበልጥ ከብዷል። ሆኖም የጽሑፉ ሂሳብ ምንም የማያስወጡትን (የክፍሎች አቀማመጥ፣ የመስኮት መጠን፣ የጣሪያ ቀለም) አልቆጠረም፤ ወጪ የሚቀንሱትንም አልቆጠረም። የመስታወቱ ፊት በግማሽ ቀንሶ በብሎኬት ግድግዳና በልስን ቢተካ ከዋናው የግንባታ ወጪ ላይ የሚወርድ እንጂ የሚጨመር የለም፤ ኤሲውና ለእሱ ሲባል ከፍ ያለው የጀነሬተር አቅምም አብረው ይቀራሉ። በሌላ በኩል ጽሑፉ ያነጻጸረው የግንባታ ዕለት ወጪን ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ባለበት ጊዜ ሃምሳ ዓመት የሚያገለግልን ሕንፃ በመጀመሪያው ዓመት ወጪው ብቻ መመዘን ሚዛን የጎደለው ነው።

ውድ ካሏቸው ዕቃዎችም አንዱ፣ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያው፣ በአዳማ እንደገና ሊታሰብበት ይገባል። ከተማዋ የስብሰባና የሆቴል ከተማ ናት። አንድ መቶ ሊትር ውኃን ከ20 ዲግሪ ወደ 50 ዲግሪ ለማድረስ 3 ተኩል ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል፤ ይህንን በሆቴሉ ክፍሎችና በዓመቱ ቀናት ማባዛት ነው። ለአንድ ቤተሰብ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ሊከብድ ይችላል፤ ሙሉ ዓመት ፀሐይ ባለበት ከተማ በየክፍሉ ቦይለር ለሚሰቅል ሆቴል ግን ሂሳቡ የተለየ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ የጽሑፉ ብርቱ ነጥብ ነው፤ ብዙ አንባቢም ያሳመነው እሱ ይመስለኛል። የኤሌክትሪካችን አብዛኛው ክፍል ከውኃ መመንጨቱ እውነት ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብም ይህንን አጠናክሮታል። ቢሆንም ከዚህ «መቆጠብ ትርፍ የለውም» የሚል መደምደሚያ አይወጣም። ግድቡ ያመነጨው ኃይል ሁሉ የአዳማ ሱቅ አይደርስም፤ በመካከል ማስተላለፊያ መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያና የሰፈር ትራንስፎርመር አለ፤ ብዙ ጊዜ ጭነት የሚበዛበትም ይኸው መጨረሻው ነው። በአንድ መንገድ ላይ አሥር የመስታወት ሕንፃዎች ኤሲያቸውን በአንድ ሰዓት ሲከፍቱ የሚጠፋው የእነሱ መብራት ብቻ አይደለም። ሲጠፋም የሚነሣው ጀነሬተር ናፍጣ ይበላል፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በተጨማሪም ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሕዝባችን ገና ኤሌክትሪክ አላገኘም፤ አገሪቱም ለጅቡቲና ለኬንያ ኃይል እየሸጠች የውጭ ምንዛሪ ታገኛለች። በከንቱ የገባን ሙቀት ለማስወጣት የሚፈስ ኃይል ከእነዚህ ከሁለቱ የተወሰደ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጸሐፊው የያዙት እውነት ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራል። ኤሌክትሪካችን ንጹሕ ከሆነ፣ የአንድ ሕንፃ ብክለት አብዛኛው የሚፈጸመው ሰው ገና ሳይገባበት፣ በግንባታው ጊዜ ነው ማለት ነው፤ ዋናው ምንጩም ሲሚንቶና ብረት ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ በ1,450 ዲግሪ አካባቢ ተቃጥሎ ክሊንከር የሚባለው የሲሚንቶ ዋና ጥሬ ዕቃ ሲሆን ነው። በዚህ ሂደት ድንጋዩ ራሱ በውስጡ የያዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ስለዚህ ፋብሪካው በሕዳሴ ኃይል ቢሠራ እንኳ ልቀቱ አይቀርም። ከአንድ ቶን ክሊንከር ከ800 ኪሎ ግራም በላይ ይወጣል፤ ከግማሽ በላዩም ከድንጋዩ ነው። በአንድ ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት ውስጥ 350 ኪሎ ግራም ኦፒሲ (አብዛኛው ክሊንከር የሆነ ተራ ሲሚንቶ) ቢገባ ከሲሚንቶው ብቻ ወደ 300 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ልቀት አለ። የ200 ካሬ ሜትር፣ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ የወለል አርማታ 40 ሜትር ኪዩብ ነው፤ 12 ቶን ያህል ይሆናል። ይህም ከ4,000 ሊትር በላይ ናፍጣ ከማቃጠል ጋር ይተካከላል፣ ከአንድ ወለል ብቻ።

እንግዲህ በእኛ አገር አረንጓዴ ግንባታ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ሲሚንቶን በአግባቡ መጠቀም ነው፤ ይህ ደግሞ ብር ያድናል እንጂ አያስወጣም። ለልስንና ለግንብ ሥራ ፒፒሲ እያለ ኦፒሲ መፈለግ አስፈላጊ አይደለም። ፒፒሲ ውስጥ ከክሊንከሩ ከፊሉ በተፈጥሮ እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተተካ ነው፤ ለአርማታም ቢሆን ጥንካሬው ቀስ ብሎ የሚመጣ በመሆኑ ፎርምወርክ (ኮንክሪቱ የሚሞላበትን ቅርጽ) ቶሎ አለመፍታትንና ውኃ ማጠጣትን ይጠይቃል እንጂ የተናቀ አይደለም። ሳይት ላይ የማየው ትልቁ ብክነትም እዚሁ ላይ ነው። ኮንክሪት በተሞላ ማግስት ውኃ ማጠጣቱ ይረሳል፤ የአዳማ ፀሐይና ነፋስ ውኃውን ይመጥጡታል፤ የሚጠፋውን ጥንካሬ ለማካካስ በሚቀጥለው ሥራ ሲሚንቶ ይጨመራል። ሰባት ቀን በእርጥብ ማዳበሪያ ሸፍኖ ማጠጣት ከተጨመረው ኩንታል ይልቅ ይሠራል። ባዶ ብሎኬት በመካከሉ የሚገባበት፣ ሪብድ ስላብ የሚባለው የወለል አሠራርም በሚስማማበት ስፋት ላይ ከድፍኑ አርማታ ያነሰ ኮንክሪት ይፈጃል፤ በአገራችን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከተሠራበት ብዙ ዓመት ስለሆነው ለግንበኞቻችን አዲስ አይደለም። ጽሑፉ በጨረፍታ ያነሣው «ሙያተኛ የለንም» የሚል አስተያየትም በዚህ መልስ ያገኛል፤ ከዘረዘርኳቸው ነገሮች አንድ ጥሩ ፎርማን የማይችለው የለም።

ስለ ጭቃ ቤት የተባለው ትልቅ አለመግባባት ነው። ጸሐፊው «የአካባቢ ቁሳቁስ» የሚለውን ሁሉ በጭቃና በጭድ ወስነውታል። ጭቃ ቤት በጎርፍ በሚመታ ሰፈር እንደሚበሰብስ፣ ባሕር ዛፉን ምስጥ እንደሚበላው፣ ከባድና ያልታሰረ ግድግዳም በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ አደገኛ እንደሆነ አልክድም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ እዚህም ስለተሰማ ይህ ሥጋት የሩቅ አይደለም። የስምጥ ሸለቆ ዋናው የአካባቢ ቁሳቁስ ግን ሌላ ነው፤ ፑሚስ ነው። ፑሚስ በውስጡ አየር የያዘ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመሆኑ ከእሱ የሚሠራ ብሎኬት ከተራው ብሎኬት ይልቅ ሙቀት ያዘገያል፤ ክብደቱም ያንሳል። በመንቀጥቀጥ ጊዜ በሕንፃ ላይ የሚመጣው ኃይል ከክብደቱ ጋር ስለሚያድግ የግድግዳው መቅለል ለአምዱና ለመሠረቱ እረፍት ነው፤ ፌሮውም በዚያው መጠን ሊቀንስ ይችላል። ጥራቱ ያልተመረመረ፣ በእጅ ሲያዝ የሚፈረፈር ብሎኬት በየቦታው እንደሚሸጥ አውቃለሁ፤ ለዚህ መልሱ የብሎኬቱን ጥንካሬ ማስመርመር ነው እንጂ ድንጋዩን መተው አይደለም። ጥቂት ሲሚንቶ ገብቶበት በመጭመቂያ የሚሠራ የአፈር ጡብም ለባለ አንድ ፎቅና ለአጥር ሥራ ቦታ አለው፤ ጥቁር ዋልካ አፈር ለዚህ ስለማይሆን አፈሩ አስቀድሞ መመርመር አለበት።

ጽሑፉ ስለ ውኃ አንድም ቃል አለማንሣቱ ያሳዝናል፤ ለአዳማ ከኃይል የማይተናነስ ጉዳይ ነውና። በከተማዋ በዓመት ወደ 800 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 60,000 ሊትር ያህል ሊሰጥ ይችላል። ዝናቡ በክረምት ወራት ስለሚከማች ሁሉን ማጠራቀም አይቻልም፤ ሆኖም ከአሸንዳ ወደ ሮቶ የሚገባው ውኃ፣ የመጀመሪያው ቆሻሻ ዝናብ ከተደፋ በኋላ፣ ለመጸዳጃ፣ ለአትክልትና ለሳይት ሥራ ይበቃል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውኃዎች ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ወሰን እንደሚያልፍ ለሚያውቅ ሰው፣ የጣሪያ ውኃ ከዚህ ነጻ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። በኮረብታ በተከበበች ከተማ ከየጣሪያው ተይዞ የቀረ ውኃም ወደ መንገድ ከሚወርደው ጎርፍ ላይ የተቀነሰ ነው።

ስለ ምስክር ወረቀት ከጸሐፊው ጋር ብዙ አልጣላም። ሊድና ኤጅ የመሳሰሉት ዓለም አቀፍ የአረንጓዴ ሕንፃ ምስክር ወረቀቶች ክፍያ አላቸው፤ ለአንድ መካከለኛ ሕንፃ ባለቤት ግዴታም ጥቅምም ላይሆኑ ይችላሉ። ኤጅ የሚጠይቀው በኃይል፣ በውኃና በቁሳቁስ ከተለመደው ሕንፃ 20 በመቶ መቆጠብ ነው፤ ይህንን ቁጠባ ያለ ወረቀቱም ማግኘት ይቻላል። ወረቀቱን አለመፈለግ ግን ሥራውን ላለመሥራት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

የቀረው የአከራይና የተከራይ ነገር ነው፤ እውነተኛ ችግር መሆኑንም እቀበላለሁ። የንግድ ሕንፃ ባለቤት መስታወቱን የሚመርጠው ከሩቅ እንዲታይለት ነው፤ የኤሲውን ሂሳብ የሚከፍለው ተከራዩ ነው። ይሁን እንጂ በአዳማ ከሚሠራው ውስጥ ብዙው፣ ማለትም ሰው ራሱ የሚኖርበት ቤት፣ ሆቴሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱና ፋብሪካው፣ የሚሠራውም ሂሳቡን የሚከፍለውም አንድ አካል ነው፤ ለእነዚህ የጸሐፊው ክርክር አይሠራም። ለቀሪዎቹ የገበያው ፍላጎት ብቻውን ስለማይበቃ የከተማው አስተዳደር ድርሻ ይመጣል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከወጣ ጀምሮ ማንኛውም ፕላን በሕንፃ ሹም ታይቶ ሳይጸድቅ ግንባታ አይጀመርም፤ አሁን የሚመረመረው የአምዱ ጥንካሬ፣ የቦታው ወሰንና የመሳሰለው ነው። በዚያው ምርመራ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ቢጨመሩ ለባለቤቱ ወጪ የለባቸውም፦ የምዕራቡ ፊት ስንት እጁ መስታወት ነው? እያንዳንዱ ሰው የሚውልበት ክፍል በሁለት በኩል የሚከፈት መስኮት አለው ወይ? የጣሪያው ውኃ ወዴት ይሄዳል? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በሥዕል መልስ የሌለው ፕላን ለእርማት ቢመለስ፣ የሚባክነው ነገር ቢኖር የአርክቴክቱ የአንድ ሳምንት ሥራ ብቻ ነው።